የመንገዱ ባለቤት በሸንጎ ሲቀመጥ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከተላለፈው ንግግር ለመጽሔቱ የተዘጋጀ)



ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ዝግጅታችን መነሻ ከደሴ የደረሰን አንድ ደብዳቤ ነው፡፡ ባለ ደብዳቤዋ ዕድሜያቸው የገፋ እናት ሲሆኑ ቃላቸውን በወረቀት ያሰፈረችላቸው የልጅ ልጃቸው ናት፡፡ ሴት ልጃቸው በአንድ ጤና ጣቢያ በኮንትራት ተቀጥራ ትሠራ ነበር፡፡ ደሞዟ የሚመጣው ከአሜሪካ መንግሥት እርዳታ ነበር፡፡ በ2025 መጀመሪያ ላይ ሥራ እንድታቆም ተነገራትና ቤት ገባች፡፡ እናታችን የሚጠይቁት እንዲህ ነው፡- «ልጄ ይህን ያደረገው መኪና የሚሠራው ሀብታም ነው ትለኛለች፡፡ እኔ ግን አልገባኝም፡፡ ነጋዴ ከሹም ደጅ ሲጠና አውቃለሁ፤ ነጋዴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲዘጋ ግን አላየሁም፡፡ ይህን ሰው ማን ሾሞት ነው?»

ደብዳቤው እንደደረሰን እርስ በርሳችን ተወያየንበት፡፡ ከመካከላችን አንዱ «ይህ የዜና ጉዳይ እንጂ የታሪክ ዝግጅት አይሆንም» ብሎ ነበር፡፡ ነገሩን ስንመረምረው ግን የእናታችን ጥያቄ ከ160 ዓመት በላይ ወደኋላ የሚወስደን ሆኖ አገኘነው፡፡ ስለሆነም ዛሬ የምንሄደው ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካሊፎርኒያ ነው፡፡ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እንድትይዙልን እናሳስባለን፡፡

በ1848 በካሊፎርኒያ ወርቅ ተገኘ፡፡ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከየአቅጣጫው ሰው ጎረፈ፡፡ እንደሚታወቀው ወርቅ ፍለጋ ከሚወጡት ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፡፡ የሚከብረው አካፋና ዱቄት የሚሸጥላቸው ነው፡፡ ሳክራሜንቶ በተባለችው ከተማ አራት ነጋዴዎች እንዲህ ባለው ንግድ ደርጅተው ነበር፡፡ ሌላንድ ስታንፎርድ የምግብ ሸቀጥ ይነግድ ነበር፡፡ ኮሊስ ሀንቲንግተንና ማርክ ሆፕኪንስ በሽርክና የብረታ ብረት ዕቃ ይሸጡ ነበር፡፡ ቻርልስ ክሮከር ደግሞ ጨርቃ ጨርቅ ነበር የሚሸጠው፡፡ አራቱም ስለ ባቡር የሚያውቁት ነገር አልነበረም፡፡ ባቡሩን ያመጣላቸው ቴዎዶር ጁዳ የሚባል መሐንዲስ ነው፡፡ ይህ ሰው የሴራ ኔቫዳን ተራራ በእግሩ እየዞረ ሐዲድ ሊያልፍ የሚችልበትን በር ፈልጎ ያገኘ ሲሆን ገንዘብ የሚያወጣለት ሰው ሲፈልግ ከእነዚህ አራት ነጋዴዎች ጋር ተገናኘ፡፡ በጁን 1861 ሴንትራል ፓሲፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ ተቋቋመ፤ ፕሬዚዳንቱም ስታንፎርድ ሆነ፡፡ (ጁዳ ብዙ ሳይቆይ ከአራቱ ጋር ተጣላ፡፡ ድርሻቸውን የሚገዙለት ሰዎች ለማፈላለግ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ፓናማ ላይ ቢጫ ወባ ይዞት በ1863 ሞተ፡፡ ሐዲዱ ያለቀው እርሱ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፡፡)

እዚህ ላይ ልብ እንበል፡፡ ኩባንያው በተቋቋመ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በሴፕቴምበር 1861፣ ይኸው ስታንፎርድ የካሊፎርኒያ ገዢ ሆኖ ተመረጠ፡፡ ከጃንዋሪ 1862 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ግዛቲቱን ሲያስተዳድር የባቡር ኩባንያውን ፕሬዚዳንትነት አልለቀቀም፡፡ በአንድ እጁ የግዛቲቱን ማኅተም፣ በሌላው የኩባንያውን ማኅተም ይዞ ነበር ማለት ነው፡፡ በ1863 የካሊፎርኒያ ምክር ቤት የአካባቢ መስተዳድሮች በሕዝብ ገንዘብ የኩባንያውን አክሲዮን እንዲገዙ የሚፈቅዱ ሕጎች አወጣ፡፡ ሕጎቹን የፈረመው ገዢው ስታንፎርድ ነው፤ ገንዘቡን የሚቀበለው ደግሞ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ስታንፎርድ ነው፡፡ በዚያው ዓመት በግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ወንበር ክፍት ሲሆን የሾመበት ሰው ኤድዊን ክሮከር ነበር፡፡ ኤድዊን የሸሪኩ የቻርልስ ክሮከር ወንድምና የኩባንያው ጠበቃ ነው፡፡

የፌዴራሉ መንግሥትም እጁን ዘርግቶ ነበር፡፡ ጊዜው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ነው፤ ፕሬዚዳንት ሊንከን ምዕራቡን ከምሥራቁ የሚያስተሳስር ሐዲድ በጣም ያስፈልገው ነበር፡፡ ጁላይ 1 ቀን 1862 የፈረመው ሕግ ኩባንያዎቹ ለሚዘረጉት ለእያንዳንዱ ማይል 6,400 ኤከር መሬት ይሰጣል፡፡ ይህ በእኛ የቀድሞ አለካክ ከ60 ጋሻ የሚበልጥ መሬት ነው፡፡ ለአንድ ማይል! በ1864 ይህም በእጥፍ አደገ፡፡ ከመሬቱ ሌላ የመንግሥት ቦንድ በብድር ይሰጣቸው ነበር፤ ለሜዳ በማይል 16,000 ዶላር፣ በተራሮቹ መካከል ላለው ደጋ 32,000፣ ለተራራ ግን 48,000 ዶላር፡፡

ታዲያ ተራራው የሚጀምረው ከየት ነው? ጥያቄው የጂኦግራፊ ቢመስልም በውስጡ ያለው ገንዘብ ነው፡፡ ክሮከር የግዛቲቱን የሥነ ምድር ባለሙያ ጆሳያ ዊትኒን በጋሪ ይዞት ወጣ፡፡ ባለሙያውም ከሳክራሜንቶ 7 ማይል ያህል በምትርቅ አንዲት ጅረት አጠገብ፣ ሜዳው ገና ሜዳ በሆነበት ቦታ፣ የአፈሩ ዓይነት የተራራው ስለሆነ ተራራው ከዚህ ይጀምራል ብሎ ማለት እንደሚቻል ጽፎ ሰጠ፡፡ ሊንከንም ተቀበለው፡፡ በዚያ ፊርማ የእያንዳንዱ ማይል ብድር ከ16,000 ወደ 48,000 ዶላር ዘለለ፡፡ እዚህ ላይ የተጭበረበረ ሰነድ የለም፤ የተሰረቀ ካዝናም የለም፡፡ ሁሉም ነገር በፊርማና በማኅተም የተደረገ ነው፡፡ የነገሩ ክፋትም እዚሁ ላይ ይመስለናል፡፡

ስለ ሠራተኞቹ ጥቂት እንበል፡፡ ስታንፎርድ ገዢ ሆኖ ሥራ ሲጀምር ባሰማው ንግግር እስያውያን ወደ ካሊፎርኒያ መግባታቸውን አጥብቆ ነቅፎ፣ ፍልሰታቸው እንዲገታ ጠይቆ ነበር፡፡ ከ1865 ጀምሮ ግን የራሱ ኩባንያ ቻይናውያንን በሺህ የሚቆጠሩ አድርጎ ቀጠረ፡፡ ተራራውን በመዶሻና በባሩድ የበሱት በአብዛኛው እነርሱ ናቸው፡፡ በጁን 1867 ከነጮቹ ሠራተኞች ጋር እኩል ደሞዝ እንዲከፈላቸው ጠይቀው ሥራ ሲያቆሙ ክሮከር ስንቃቸውን አቋረጠባቸው፡፡ በአንድ ሳምንት ወደ ሥራቸው ተመለሱ፡፡ ሜይ 10 ቀን 1869 ከምሥራቅና ከምዕራብ የመጡት ሐዲዶች በዩታ ግዛት ተገናኙ፤ የወርቁን ምስማር በሥነ ሥርዓቱ ላይ የያዘውም ስታንፎርድ ነበር፡፡

ውድ አድማጮቻችን፣ ሐዲዱ በራሱ ትልቅ ሥራ መሆኑን አንክድም፡፡ ወራት ይፈጅ የነበረው ጉዞ ወደ አንድ ሳምንት ገደማ ወርዷል፡፡ ሀብት ማፍራትም በእኛ ዘንድ ነውር አይደለም፤ ከሶሐቦች መካከል እነ ዑሥማንና ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) የታወቁ ባለጸጋዎች ነበሩ፡፡ ጥያቄው ሌላ ነው፡፡ ሁሉም ሰው ሊያልፍበት የግድ የሆነውን መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ሲይዝና ያው ሰው የመንገዱን ሕግ የሚጽፈውን ወንበር ሲይዝ፣ ሌላው ሰው አቤቱታውን ለማን ያቀርባል? የካሊፎርኒያ ገበሬ ስንዴውን ወደ ወደብ የሚያወርድበት ሌላ መንገድ አልነበረውም፡፡ ኩባንያው የጭነት ዋጋ የሚወስነው ባቡሩ በፈጀበት ወጪ ሳይሆን ባለ ዕቃው ሊሸከም በሚችለው ልክ ነበር፡፡ ነጋዴው ትንሽ ሲያተርፍ ታሪፉም ትንሽ ከፍ ይላል፡፡ ሳን ፍራንሲስኮ ይታተም የነበረ አንድ ጋዜጣ በ1882 ኩባንያውን ገበሬውንም ነጋዴውንም በእጆቹ ጠምዝዞ እንደያዘ ባለ ብዙ እጅ የባሕር አውሬ አድርጎ ሣለው፡፡ ያ ሥዕል እስከ ዛሬ ድረስ በታሪክ መጻሕፍት ላይ ይታተማል፡፡

ሀንቲንግተን ኑሮው በምሥራቅ ነበር፤ ሥራው የዋሽንግተንን ደጃፍ መጠበቅ ነው፡፡ ኮልተን ለሚባል ተባባሪያቸው የጻፋቸው በመቶ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ሰውየው ከሞተ በኋላ ሚስቱ በመሠረተችው ክስ ምክንያት በ1883 አደባባይ ወጡ፡፡ የትኛው የምክር ቤት አባል የእነርሱ እንደሆነ፣ አንድን ሕግ ለማስወጣት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚጠይቅ፣ ልክ ስለ ምስማርና ስለ ገመድ ዋጋ እንደሚጽፍ ነጋዴ ተረጋግቶ ጽፎታል፡፡ አገሩ ጉድ አለ፡፡ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በ1885፣ የካሊፎርኒያ ምክር ቤት ስታንፎርድን የአሜሪካ ሴናተር አድርጎ መረጠው! በዚያ ዘመን ሴናተርን የሚመርጠው ሕዝቡ ሳይሆን የግዛቲቱ ምክር ቤት ነበር፡፡ እስከሞተበት እስከ 1893 ድረስ በዚያው ወንበር ላይ ነበር፡፡

ከምሥራቁ በኩል የመጣው ኩባንያ ታሪክም ከዚህ የተሻለ አልነበረም፡፡ በ1872 አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ እንዳጋለጠው ኦክስ ኤምስ የተባለ አካፋ ፋብሪካ ያለው የምክር ቤት አባል ክሬዲ ሞቢልዬ የተባለውን የሐዲድ ሥራ ተቋራጭ አክሲዮን ለባልደረቦቹ በርካሽ ያድል ነበር፡፡ ምክር ቤቱ በ1873 ወቀሳ አሳልፎበት ነገሩ በዚያው ተዘጋ፡፡

አሁን ከዕቃ መንገድ ወደ ቃል መንገድ እንሻገር፤ ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ የሚቀርበው ይኸኛው ነውና፡፡ ቴሌግራፍ ከ1866 ጀምሮ በአመዛኙ በዌስተርን ዩኒየን እጅ ገባ፡፡ ጋዜጦቹ ዜናቸውን፣ ነጋዴዎቹ ዋጋቸውን፣ ፖለቲከኞቹ ምስጢራቸውን የሚልኩት በእርሱ ሽቦ ነበር፡፡ በ1881 ጄይ ጉልድ የተባለው ከበርቴ ይህን ኩባንያ ተቆጣጠረ፡፡ ባቡርም ነበረው፣ ጋዜጣም ነበረው፡፡ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1884 የፕሬዚዳንት ምርጫ፣ ክሊቭላንድና ብሌይን ተፎካከሩ፡፡ ጉልድ የብሌይን ደጋፊ ነበር፡፡ ውጤቱ በኒውዮርክ ግዛት ላይ ተንጠለጠለ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ድምፅ በተሰጠበት ግዛት ልዩነቱ ከ1,200 ያነሰ ነበር፡፡ የቆጠራው ወሬ የሚመጣው በጉልድ ሽቦ ነው፡፡ ወሬው ሲዘገይ ሰዉ «ቁጥሩን ይዞት ነው፣ ሊለውጠው ነው» ብሎ በኒውዮርክ በኩባንያው ሕንፃ ፊት ተሰበሰበ፤ ጉልድ ይሰቀል የሚል ጩኸትም ተሰማ፡፡ በኋላ ክሊቭላንድ ማሸነፉ ሲታወቅ ጉልድ የደስታ መግለጫ ቴሌግራም ላከለት፡፡

ጉልድ በዚያ ሌሊት ቁጥር ነካክቷል የሚል ማስረጃ አልተገኘም፡፡ ቢሆንም እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፡፡ ሰዎቹ የተቆጡት ባደረገው ነገር ሳይሆን ማድረግ በሚችለው ነገር ነው፡፡ የአገር ምርጫ ወሬ በአንድ ወገንተኛ ሰው ሽቦ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ሰውየው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ንጽሕናውን ማን አይቶ ይመሰክርለታል?

ካሊፎርኒያውያን ከባቡሩ ጌቶች ለመላቀቅ ብዙ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል፡፡ የፌዴራሉ ምክር ቤት የባቡር ታሪፍን የሚቆጣጠር ኮሚሽን በ1887 ቢያቋቁምም መጀመሪያ ላይ ጥርስ አልነበረውም፡፡ በ1910 ሃይራም ጆንሰን የሚባል ጠበቃ የባቡር ኩባንያውን ከግዛቲቱ ፖለቲካ አስወጣለሁ ብሎ ተወዳድሮ ገዢ ሆነ፡፡ በማግሥቱ ዓመት የታሪፍ ተቆጣጣሪው አካል ሥልጣን ተጠናከረ፤ ሕዝቡም ሕግ በቀጥታ የሚያመነጭበትና ባለሥልጣን የሚያወርድበት መብት በሕገ መንግሥቱ ገባለት፡፡ ስታንፎርድ ገዢ ከሆነ 49 ዓመት መሆኑ ነው፡፡

ስታንፎርድ ግን ከባቡሩ ሌላ የተወው ነገር አለ፡፡ አንድ ልጅ ነበረው፤ በ1884 በጣሊያን አገር በታይፎይድ ሞተበት፡፡ ገና 15 ዓመቱ ነበር፡፡ ባልና ሚስቱ በልጃቸው ስም ፓሎ አልቶ በሚገኘው የፈረስ ማርቢያ መሬታቸው ላይ ዩኒቨርሲቲ አሠሩ፡፡ በ1891 ተከፈተ፡፡ ዛሬ ሲሊከን ቫሊ የሚባለው አካባቢ የበቀለው በዚህ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ ነው፡፡ ጎግልን የመሠረቱት ሁለት ተማሪዎች ከዚያ ነው የወጡት፤ ከእነርሱ በፊት ደግሞ ሂውሌትና ፓካርድ፡፡ በባቡር የተገኘው ገንዘብ የኮምፒዩተሩን ዘመን ሰዎች አስተማረ ማለት ነው፡፡

ስለ ዴቪድ ፓካርድ ሳንናገር ብናልፍ ፍትሐዊ አንሆንም፡፡ ፓካርድ በ1969 የመከላከያ ምክትል ሚኒስትር እንዲሆን ሲጠራ ኩባንያው ለመከላከያ ዕቃ የሚሸጥ ነበር፡፡ ሊሾም ሲል በኩባንያው ያለውን አክሲዮን በአደራ ለሚይዝ አካል አስረክቦ፣ በሹመቱ ዘመን የሚገኘው ትርፍና የዋጋ ጭማሪ ሁሉ ለበጎ አድራጎት እንዲውል አደረገ፡፡ በ1971 ሥራውን ለቆ ወደ ካሊፎርኒያ ተመለሰ፡፡ ይህን ስናነብ የኸሊፋው የዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ሥርዓት ትዝ አለን፡፡ ዑመር ሹም ሲልኩ ንብረቱን አስቀድመው ያስመዘግቡ ነበር፤ ከሹመቱ በኋላ ከመጠን ያለፈ ሀብት ያፈራ እንደሆነ ከፊሉን ወስደው ወደ በይተል ማል እንደሚያስገቡ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል፡፡ ሹሙ ሰርቋል ተብሎ ባይመሰከርበትም እንኳ፡፡ ነጋዴ ነኝ፣ ነግጄ ነው ያገኘሁት የሚል መልስም አላዳነውም፤ ሹመቱ ራሱ ለንግዱ ገበያ ይከፍታልና፡፡

እንግዲህ ወደ እናታችን መኪና ሠሪ መድረሳችን ነው፡፡

ኤሎን መስክ በ1971 በደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያ ተወለደ፡፡ ብዙ ሰው በቴስላ መኪና ያውቀዋል፡፡ ከመንግሥት ጋር በጥብቅ ያስተሳሰረው ግን በ2002 ያቋቋመው ስፔስ ኤክስ የተባለው የሮኬት ኩባንያ ነው፡፡ አሜሪካ የራሷን የጠፈር ማመላለሻዎች በ2011 ጡረታ ካወጣች በኋላ ጠፈርተኞቿን ለዘጠኝ ዓመት ያህል በሩሲያ መንኮራኩር ነበር የምትልከው፡፡ ከ2020 ጀምሮ በመስክ መንኮራኩር መላክ ጀመረች፡፡ ከ2019 ወዲህ ደግሞ ስታርሊንክ የተባሉ በሺህ የሚቆጠሩ ሳተላይቶች ወደ ሰማይ ልኮ ኢንተርኔት ያከፋፍላል፡፡ በ2022 በዩክሬን ጦርነት ወቅት በክራይሚያ በኩል አገልግሎቱ እንዲከፈት ተጠይቆ እምቢ ማለቱን ራሱ በ2023 ተናግሯል፡፡ ምክንያቱ ትክክል ይሁን አይሁን አንፈርድም፤ የጦርነትን አቅጣጫ የሚነካ ውሳኔ በአንድ ነጋዴ እጅ መውደቁን ግን እናያለን፡፡ በኦክቶበር 2022 ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፡፡ የሐዲዱም የሽቦውም ባለቤት ሆነ እንበል፤ ስታንፎርድና ጉልድ በአንድ ሰው፡፡

በ2024 ምርጫ ዶናልድ ትራምፕን ደግፎ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ፡፡ እርሱ ብቻም አልነበረም፡፡ ከዩኒቨርሲቲው ከስታንፎርድ የወጣው ባለሀብት ፒተር ቲል በ2022 ለጄ ዲ ቫንስ የሴናተርነት ውድድር 15 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ነበር፤ ቫንስ በጃንዋሪ 2025 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ፡፡ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 በተደረገው ቃለ መሐላ ላይ የፌስቡኩ ዙከርበርግ፣ የአማዞኑ ቤዞስ፣ የጎግሉ ፒቻይና መስክ የተቀመጡት ለሚኒስትርነት ከታጩት ሰዎች ፊት ባለው ረድፍ ነበር፡፡ ሜታ፣ አማዞንና ጎግል ለበዓሉ አንድ አንድ ሚሊዮን ዶላር አዋጥተዋል፡፡ (ለዚህ ዝግጅት አስተያየት የምትልኩልን በዋትሳፕ መሆኑን ስናስብ እኛም ከዚህ ሽቦ ውጭ እንዳልሆንን ይገባናል፡፡)

በዚያው ቀን ፕሬዚዳንቱ ሁለት ትእዛዝ ፈረመ፡፡ አንዱ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም ያዛል፡፡ ሁለተኛው የመንግሥትን ወጪ የሚመረምር፣ በአጭር ስሙ ዶጅ የተባለ ክፍል ያቋቁማል፡፡ የዚህ ክፍል ፊት ሆኖ የታየው መስክ ነው፡፡ ከእርሱ ጋር የመጡ ወጣት የኮምፒዩተር ባለሙያዎች በየመሥሪያ ቤቱ እየገቡ የደሞዝና የክፍያ መዝገብ ከፈቱ፡፡ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ፣ ቅዳሜና እሁዱን ዩኤስኤይድን እንጨት በሚፈጭ መኪና ውስጥ ሲከቱ እንዳሳለፉ መስክ በራሱ ትዊተር ላይ ጽፎ ነበር፡፡ ዩኤስኤይድ በ1961 የተቋቋመ ነው፡፡ በማርች 2025 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከፕሮግራሞቹ 83 ከመቶው መሰረዛቸውን አስታወቀ፤ ጁላይ 1 ቀን የተረፈው ወደ ውጭ ጉዳይ ተጠቃለለ፡፡

እናታችን «ማን ሾሞት ነው?» ብለው ነበር፡፡ የአሜሪካ ዳኞችም ይህንኑ ጠይቀዋል! በፌብሩዋሪ 2025 የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ለፍርድ ቤት በሰጠው ቃል መስክ የዶጅ ኃላፊ እንዳልሆነ፣ የፕሬዚዳንቱ አማካሪ ብቻ እንደሆነና በራሱ ውሳኔ የመስጠት ሥልጣን እንደሌለው ገለጸ፡፡ በሕግ ያለው ስም ልዩ የመንግሥት ሠራተኛ የሚል ሲሆን በዓመት ከ130 ቀን በላይ አያሠራም፤ እንደ ሚኒስትር በምክር ቤት ፊት ቀርቦ መጽደቅንም አይጠይቅም፡፡ አንድ ዳኛ በማርች ወር ዩኤስኤይድ የተበተነበት መንገድ ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ቢያግድም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በቀናት ውስጥ እግዱን አነሳው፡፡

ስለዚህ እናታችን፣ ልጅዎ የነገረችዎ ከፊሉ ትክክል ነው፡፡ ገንዘቡን ያቆመው የፕሬዚዳንቱ ፊርማ ነው፡፡ ቆሞ እንዲቀር፣ ገንዘቡን ይልክ የነበረው መሥሪያ ቤትም እንዳይነሳ በማድረጉ ሥራ ግን የመስክ እጅ አለበት፡፡ በአገራችን በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ኮንትራት መቋረጡ ተዘግቧል፡፡ ልጅዎ ከእነርሱ አንዷ ትመስለናለች፡፡ በእርዳታ ላይ ብቻ የቆመ ጤና ጣቢያ የራሱ ችግር እንዳለበት እናውቃለን፤ ይህን ኢንሻአላህ በሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን፡፡ ነገር ግን እርዳታ ይቀነስ ማለት አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒት የሚጠብቅ በሽተኛ ባለበት በሁለት ሳምንት ማቋረጥ ሌላ ነገር ነው፡፡ ያንን ያደረገው ሰው ደግሞ ሥራውን ያላየ፣ በሽተኛውም ቢከፋው ሊያወርደው የማይችል ሰው ነው፡፡

ገንዘብ ሁሉን ይገዛል ማለታችን አይደለም፡፡ በኤፕሪል 2025 በዊስኮንሲን ግዛት ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት በተደረገ ምርጫ መስክና እርሱ የሚደግፋቸው ቡድኖች ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሰው፣ እርሱም በአካል ሄዶ ለሁለት መራጮች የአንድ አንድ ሚሊዮን ዶላር ቼክ ሰጥቶ፣ የደገፉት ዕጩ 10 ነጥብ በሚያህል ልዩነት ተሸነፈ፡፡ መስክም በሜይ መጨረሻ ከመንግሥት ሥራ ወጣ፡፡ ሁለት ትሪሊዮን ዶላር እቆጥባለሁ ብሎ ጀምሮ ነበር፤ ሲወጣ ክፍሉ ራሱ የቆጠበው ከዚያ አንድ አሥረኛውን እንኳ የማይሞላ ነበር፤ ያም ቁጥር በብዙዎች ዘንድ አጠራጣሪ ነው፡፡

ከሳምንት በኋላ፣ ጁን 5 ቀን 2025፣ መስክና ትራምፕ በአደባባይ ተጣሉ፡፡ ፕሬዚዳንቱ የመስክን የመንግሥት ኮንትራቶች መሰረዝ ገንዘብ ለመቆጠብ ቀላሉ መንገድ ነው ብሎ ጻፈ፡፡ መስክም ጠፈርተኞች የሚመላለሱበትን መንኮራኩር ከሥራ አስወጣለሁ ብሎ መለሰ፡፡ በሰዓታት ውስጥ ሐሳቡን ለወጠ፡፡ ኮንትራቱም አልተሰረዘም፤ መንግሥቱ በዚያን ጊዜ ሰዎቹን ከራሱ ምድር ወደ ጠፈር ጣቢያው የሚያደርስበት ሌላ መንኮራኩር አልነበረውምና፡፡ ኦገስት 1 ቀን 2025 አራት ጠፈርተኞች ከፍሎሪዳ ተነስተው በዚሁ በመስክ መንኮራኩር ወደ ላይ ወጡ፡፡